ፊርማ ማወቅ ማንበብ ማወቅ አይደለም
(በመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ዝግጅት የቀረበ ንግግር)

   ቀኑን ሙሉ በእርሻና በቤት ሥራ ደክማችሁ ስታበቁ፣ ማታ ደግሞ ፊደል ፊት የምትቀመጡ ሁሉ ምስጋና ይገባችኋል።

የዛሬው ንግግሬ ስለ ሕግ ነው። ሕግ ሲባል «ይህማ የዳኛና የጠበቃ ነገር ነው እንጂ የኔ አይደለም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በሬ ስትሸጡ ሕግ አለ፤ መሬት ስታከራዩ ሕግ አለ፤ ብር ስትበደሩ ሕግ አለ፤ ልጅ ስትድሩም ሕግ አለ። ወደድንም ጠላንም ሕግ በየቀኑ ቤታችን ይገባል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ይኸውም ሲገባ እናየዋለን ወይስ አናየውም የሚል ነው።

ነገሩን ከይፋግ እጀምራለሁ። ይፋግ በሊቦ ከምከም ወረዳ የምትገኝ፣ ከጥንት ጀምሮ በገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነጋዴ ቅፍለት የሚያርፍባት ትልቅ ገበያ እንደነበረች የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። በዚያ ገበያ ሲሸጥና ሲገዛ የኖረው ያገራችን ሰው ውሉን የሚያስረው በቃሉ፣ በዋሱና በምስክሩ ነበር። ከተካካደም ዛፍ ጥላ ሥር በዳኛ ፊት ይሟገታል። ዘንጉን ይዞ «በላ ልበልሃ» እያለ የሚሟገተው ገበሬ ፊደል አይቆጥር ይሆናል፤ ነገር ግን ሕግ አያውቅም የሚለው ማነው? በችሎት የሚባለውን በጆሮው ይሰማል፤ በአንደበቱ ይመልሳል። የሚሰማና የሚናገር ሰው ሁሉ የሕጉ ባለቤት ነበር። ስለዚህ አባቶቻችንና እናቶቻችን ምንም የማያውቁ ነበሩ የሚል ሰው ቢኖር እኔ አልስማማበትም።

ይሁን እንጂ ዘመኑ ተለወጠ። ሕጉ ከአንደበት ወጥቶ ወረቀት ላይ ገባ። ቀድሞ አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት ተጎስሞ ነበር። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ። ነጋሪቱ ስሙ ጋዜጣው ላይ ቀረ እንጂ ድምፁ የለም። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት፣ 3367 አንቀጾች ያሉት የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ። ይህ የፍትሐ ብሔር ሕግ የውልን ነገር በሚመለከት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ጆሮ በነበረበት ቦታ ዓይን ተተካበት ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በዚሁ ሕግ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም በመሐላ ብቻ ነው። ሕጉ በወጣበት ዘመን 500 ብር የሀብታም ገንዘብ ነበር። ዛሬ ግን አንድ በግ እንኳ አይገዛም። ስለዚህ ዛሬ በጎረቤታሞች መካከል የሚደረገው ብድር ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ከዚያ መጠን በላይ ነው። «እገሌና እገሌ ሲቆጠር አይተዋል» ብሎ ምስክር መጥራት አያዋጣም፤ ተበዳሪው ካላመነ ወረቀቱ የታለ ይባላል።

አሁን ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ወዳደረገኝ ነገር ልለፍ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በማታው ክፍሌ አንዲት ባልቴት ይማሩ ነበር። ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸውም ከተማ ገብተዋል። አንድ ማታ ትምህርቱ ሲያበቃ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠበቁና፣ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ሰጡኝ።

«ልጄ፣ እስቲ ይህን አንብብልኝ» አሉኝ።

አነበብሁት። ወረቀቱ መሬታቸውን ለ10 ዓመት አከራይተው፣ ገንዘቡንም ሙሉ በሙሉ ቆጥረው እንደተቀበሉ ይናገራል። ከግርጌው የጣት አሻራ አለበት።

«እማማ፣ ለስንት ጊዜ ነው ያከራዩት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለሁለት መኸር ነው እንጂ! ገንዘቡም ግማሹ ገና አልደረሰኝ» አሉ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደገና አነበብሁላቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ጣቱ የኔ ነው፤ ቃሉ ግን የኔ አይደለም» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ ይህን ቃል ከዚያ ወዲህ አልረሳሁትም። ተከራዩ ሩቅ አገር ሰው አልነበረም። ወረቀቱን የጻፈውም፣ በምስክርነት የፈረሙትም ጎረቤቶች ናቸው። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፤ በየመንደሩ የሚመስላቸው አይጠፋምና።

እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የተማርሁት ፊደል ማስተማርን ነው እንጂ ውል መመርመርን አይደለም። ነገር ግን ማንበብ ስለምችል የፍትሐ ብሔሩን መጽሐፍ ፈልጌ አገላበጥሁት። በቁጥር 1728 ላይ አንድ ነገር አገኘሁ። በቀላል አማርኛ ስነግራችሁ፣ ዓይነ ስውር የሆነ ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያደረገው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ በውል አዋዋይ ወይም በመዝገብ ሹም ወይም ሥራው ላይ ባለ ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በስተቀር ሰውየውን አያስገድደውም ይላል።

እስቲ አስቡት። ሕጉ ማንበብ የማይችለውን ሰው አልረሳውም። ጥላ ዘርግቶለታል። ነገር ግን ያ ጥላ የተዘረጋው የት ነው? መጽሐፍ ውስጥ! ማንበብ ለማይችለው ሰው የተሠራውን ጥላ ለማግኘት ማንበብ ያስፈልጋል። እማማም ያ ጥላ የርሳቸው መሆኑን ሳያውቁ ዓመት ሙሉ ሲያለቅሱ ኖረዋል።

ነገሩን ላሳጥረው። ወደ ወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄድን። ወረቀቱ አልተመዘገበም ነበር። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ የሕጉ ቃል ተነበበላቸው። ተከራዩም ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ እንደማያዋጣው ስላወቀ በሁለቱ መኸር ተስማማ፤ የቀረውንም ገንዘብ ከፈለ። አዲስ ወረቀት ተጻፈ፤ በሁሉም ፊት ተነበበ፤ ተመዘገበም። በዚህ ወረቀት ላይ እማማ አሻራ አላደረጉም። እስክሪብቶውን ተቀብለው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ስማቸውን ጻፉ።

በዚያ ቀን ደስ አለኝ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን ፍርሃት ገባኝ። ለምን ብትሉኝ፣ እማማ በዚያን ጊዜ መጻፍ የሚችሉት ስማቸውን ብቻ ነበር። ከስማቸው በላይ ያለውን መስመር ማንበብ አይችሉም። ያን ወረቀት እኔ አነበብሁላቸው። የሚቀጥለውንስ ማን ያነብላቸዋል?

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ሕጉ አሻራን ብቻ ሳይሆን ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማንም እንደሚጠብቅ ነግሬአችኋለሁ። ነገር ግን ዳኛ ፊት በቀረበ ወረቀት ላይ በቀለም የተጻፈ ስም ሲታይ «ይህ ሰው ማንበብ አይችልም» ብሎ ማን ያምናል? አሻራ «ባለቤቴ ማንበብ አልቻለም» ብሎ ይጮኻል። ፊርማ ግን «አንብቤ ተስማምቻለሁ» ብሎ ይመሰክራል። በዚሁ ሕግ ቁጥር 2005 እና 2006 መሠረት በጽሑፍ ያለ ውል በፈረሙት ሰዎች መካከል የታመነ ማስረጃ ነው፤ ቃሉን በምስክር ማፍረስ አይቻልም። እንግዲህ ስሙን መጻፍ ተምሮ ማንበብ ሳይማር የቀረ ሰው፣ የመሃይሙን ጥላ ለቅቆ የተማረውን ጥላ ሳይዝ፣ ሜዳ ላይ ቆመ ማለት ነው።

በማታው ክፍል ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ጎልማሳው መጥቶ ስሙን ለመጻፍ ይጓጓል። አሻራ ማድረግ ያሳፍረዋልና እውነት አለው። ስሙን የጻፈ ዕለት እልል ይባላል። በሳምንቱ ግን ይቀራል። «በቃኝ፣ መፈረም ችያለሁ» ይላል። ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፣ አልበቃህም፣ አልበቃሽም! እንዲያውም አደጋው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ከዚህ በፊትም ያገራችን ልምድ ይህንኑ ያስተምረናል። ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ተማሪውና መምህሩ ወደየገጠሩ ወጣ፤ ዛፍ ሥር፣ ዳስ ውስጥ፣ ሽማግሌውና አሮጊቷ ፊደል ቆጠሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘ። ይሁንና ከተማሩት ብዙዎቹ በኋላ የሚያነቡት ነገር በእጃቸው ስላልነበረ መልሰው ረሱት። ያልታረሰ መሬት አረም እንደሚውጠው፣ ያልተነበበ ፊደልም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የሚነበብ ነገር በየቤቱ አለ እላችኋለሁ። የመሬት ይዞታ ደብተራችሁን አንብቡ። የግብር ደረሰኛችሁን አንብቡ። የማዳበሪያውን ከረጢት አንብቡ። የብድርና ቁጠባ ደብተራችሁን አንብቡ። ከእነዚህ የሚሻል የንባብ መጽሐፍ አላውቅም።

የመሬት ደብተር ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። በክልላችን በአማራ፣ የባልና ሚስት ይዞታ ደብተር የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ እንዲኖርበት ተደርጓል። ይህ ለሴቶች ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ደብተሩ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ቁልፉ በባል ኪስ ከሆነ፣ ሚስትም ብታየው ፎቶዋን እንጂ ስንት ማሳ እንደተጻፈላት ማንበብ ካልቻለች፣ መብቷ በፎቶ ብቻ ቀረ ማለት ነው። መሬት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም፣ አይለወጥም። «የመሬት ሽያጭ ውል» የሚል ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር፣ አንብባችሁ ርእሱ ላይ ስትደርሱ ብቻ ነገሩ ሕገ ወጥ መሆኑን ታውቃላችሁ።

አሁን ደግሞ ከይፋግ ወደ ዓለም እንሻገር። «የዓለም ሕግ እኛ ጋ ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። ያደርጋል። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9፣ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ሰብዓዊ መብቶች ያወጣውን መግለጫ አገራችን ደግፋ ድምፅ ከሰጡት አንዷ ነበረች። ያ መግለጫ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት ሰው ሆኖ የመታወቅ መብት አለው፤ የመማር መብትም አለው ይላል።

ከዚህም ሌላ በሴቶች ላይ የሚደረገውን ማናቸውንም ልዩነት ለማስወገድ የተደረገ ስምምነት አለ። በታኅሣሥ 1972 ዓ.ም. በጠቅላላ ጉባኤው የጸደቀ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በ1973 ዓ.ም. መጨረሻ አጽድቃዋለች። በአንቀጽ 15 ሴት ልጅ ውል ለመዋዋልና ንብረት ለማስተዳደር ከወንድ ጋር እኩል ችሎታ እንዳላት ይናገራል። አንቀጽ 14 ደግሞ ስለ ገጠር ሴቶች ነው፤ ከዝርዝሩም ውስጥ ለኑሮ የሚጠቅም የማንበብና የመጻፍ ትምህርት ይገኛል። ልብ አድርጉ! እማማ በማታው ክፍል ሲቀመጡ መንግሥት ወይም መምህር ቸርነት አድርጎላቸው አይደለም። የዓለም መንግሥታት ተስማምተው የጻፉት መብታቸው ነው።

የዓለም ሕግ በሌላም መንገድ ይነካናል። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ ልጆቻችን የሚፈርሙት ወረቀት አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የሥራ ውሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይቶ እንዲጸድቅ ያዛል። በደላላ እጅ በየጫካው ለሚሄዱት ግን ይህ ጥበቃ አይደርሳቸውም። ልጅቱ ደመወዟ ስንት እንደሆነ፣ ውሉ ለስንት ዓመት እንደሆነ ሳታነብ ከፈረመች፣ ያ ወረቀት ባሕር ተሻግሮ ይከተላታል። እዚህ ጎረቤት «እኔ ላንብብልሽ» ሊል ይችላል፤ እዚያ ማን ይላታል? ስለዚህ ልጆቻችሁን ስትሸኙ ስንቅ ብቻ አትቋጥሩላቸው። ወረቀቱን አብራችሁ አንብቡ።

እንግዲህ ከንግግሬ የምትይዟቸውን ጥቂት ነገሮች ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ያላነበባችሁትን ወይም ያልተነበበላችሁን ወረቀት አትፈርሙ፤ አሻራም አታድርጉ። «ቸኩለናል፣ ዝም ብለህ ፈርም» የሚል ሰው ካለ፣ ያን ጊዜ ቀስ ማለት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ እናንተ ማንበብ ካልቻላችሁ የሚያነብላችሁ ሰው በጉዳዩ ጥቅም የሌለው ይሁን። ተከራይ ራሱ የኪራይ ውል አያንብብላችሁ። ልጃችሁ 4ኛ ክፍል ከሆነ እርሱ ያንብብ፤ አያፍርም፣ እናንተም አትፈሩ። ሁለት ሰው ለየብቻ ቢያነብላችሁ ደግሞ ይበልጥ መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ ቁጥሮችን አጥብቃችሁ ተማሩ። ገንዘቡ፣ ዓመቱ፣ የመሬቱ ስፋት፣ ቀኑ፣ ሁሉም በቁጥር ነው። በእማማ ወረቀት ላይ የሰውን ኑሮ የለወጠው «10» የሚለው ቁጥር ነበር።

አራተኛ፣ የመሬት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፤ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤትም ይመዝገብ። ለራሳችሁም አንድ ቅጂ ያዙ። በሌላ ሰው እጅ ያለ ወረቀት የእናንተ ወረቀት አይደለም።

አምስተኛ፣ ተታላችሁ ከሆነ ዝም አትበሉ። ጉድለት ያለበትን ውል ለማፍረስ ሕጉ የሰጠው ጊዜ አጭር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1810 ምክንያቱ ከቀረበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ይላል። «እግዜር ያውቃል» ብሎ መተው መልካም ልብ ነው፤ ሕጉ ግን እናንተን አይጠብቅም።

ስድስተኛ፣ ይህ ለፖሊስ ጣቢያም ይሆናል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ይነገረው ዘንድ፣ ዝም ለማለትም፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ለመቅረብም መብት አለው። ቃላችሁ ተጽፎ ሲቀርብላችሁ፣ የተናገራችሁት ይሁን አይሁን ሳታውቁ አትፈርሙ።

ሰባተኛና መጨረሻው፣ ስማችሁን መጻፍ ስትችሉ ከትምህርቱ አትቅሩ። ስማችሁ የትምህርቱ በር ነው እንጂ ቤቱ አይደለም።

እናንተ ፊደል የቆጠራችሁ ወጣቶችም አንድ ቃል ስሙኝ። በእማማ ላይ ያን ወረቀት የጻፈው መሃይም አልነበረም፤ የተማረ ሰው ነው። እስክሪብቶ በእጁ ያለ ሰው ከሌለው ሰው ይልቅ ኃላፊነት አለበት። ጎረቤት «አንብብልኝ» ሲላችሁ፣ የተጻፈውን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ አንብቡ። «ጻፍልኝ» ሲላችሁም የተናገረውን ጻፉ። ከጻፋችሁም በኋላ መልሳችሁ አንብቡለት።

እማማ ዛሬም ይማራሉ። ባለፈው ጊዜ የመሬት ደብተራቸውን ይዘው መጥተው ነበር። «አንብብልኝ» ይሉኛል ብዬ እጄን ስዘረጋ ደብተሩን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ተው፣ እኔ ላንብብና አንተ ስማኝ፤ ስሳሳት ብቻ ንገረኝ» አሉኝ። ጣታቸውን ከቃል ወደ ቃል እየገፉ፣ ረጅም ጊዜ ወስዶባቸው፣ አንድ ገጽ ጨረሱ። ሁለት ቦታ ብቻ አርሜአቸዋለሁ።

ውድ ወገኖች፣ እናንተም ቤታችሁ ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት ካለ ዛሬውኑ አውጡና ዘርጉት። የቻላችሁትን አንብቡ፤ ያልቻላችሁትን ለነገ ማታ ይዛችሁ ወደ ክፍል ኑ።